ምስጉን ወላጅ

ቤቱ የተሰረቀው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ግድግዳው ቆሟል። ቆርቆሮው አልተነካም። የበሩ ቁልፍም ብርኽቲ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሌባው አንዲት ማንኪያ እንኳ አላነሳም። የወሰደው ቤቱን ነው።

ብርኽቲ ይህን ያወቀችው የቤቶች ምዝገባ መስኮት ፊት ቆማ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጣ የጎረቤቶቿ ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አየች። ከካዛንቺስ ጀርባ ያለው ሰፈራቸው ሊፈርስ ነው የሚባለው ወሬ ለዓመታት ሲወራ ኖሯል፤ ሲወራ ስለኖረም ማንም ከልቡ አላመነውም። አሁን ቀለሙ መጣ። በምዝገባው የተገኘ ምትክ ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል። ያልተገኘ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይወጣል።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት የቤቱን ቁጥር አየና ቀና አለ።

«ይህ ቤት ተስተናግዷል» አላት።

«ማን ነው የተስተናገደው? እኔ ገና አሁን መምጣቴ ነው።»

«ተስተናግዷል፣ እናቴ። ተከራዩ አቶ ሃይላይ ገብረጻድቃን በሕይወት የሉም። ሚስትየው ዓረብ አገር ሄደዋል። ልጅቷን የሚያሳድጉት የሟቹ ወንድም፣ አቶ አሉላ ገብረጻድቃን፣ ቀርበው ተመዝግበዋል።»

ብርኽቲ የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

«ሚስትየው እኔ ነኝ። ዓረብ አገር አልሄድኩም፤ ለገሃር ነው የምሠራው።»

ወጣቱ አዘነላት። ማዘኑ ከፊቱ ይነበባል። ግን በዚህ ከተማ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ያዘነ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይነሳል ማለት አይደለም። ቅሬታዋን በጽሑፍ እንድታቀርብ ነገራትና ቀጣዩን ጠራ።

ሃይላይ ወንድም አልነበረውም። ለእናቱ አንድ ነበር።

* * *

በምክትል ኢንስፔክተር ጃለኔ ለታ ጠረጴዛ ላይ ያን ቀን ጠዋት የነበረው የሞባይልና የስፖኪዮ ስርቆት ነው። ብርኽቲ ገብታ ፊቷ ተቀመጠች። የሆቴል ወጥ ቤት ሽርጧን አላወለቀችም።

«ምን ተሰረቀብዎት?»

«ቤት።»

«ከቤትዎ ውስጥ ማለትዎ ነው?»

«ከውስጡማ ምን አለኝ ብለሽ ነው። ቤቱን ነው ያልኩሽ።»

ጃለኔ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልትስቅ ዳድቷት ነበር፤ የሴትየዋን ዓይን ስታይ ተወችው። ከዚያ ሁሉንም አስነገረቻት። ባልየው ከሞተ ቆይቷል። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ብርኽቲ ግን ከሥራ ወጥታ ስሙን ወደ ራሷ የምታዞርበት ቀን አላገኘችም። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ስትመለስ ሰፈሩ ራቱን በልቷል። አንድ ልጅ አለቻት፣ ራሕዋ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች።

«ይህ ቤት ከሄደ የት ትገባላችሁ?»

«የት እንገባለን?» አለች ብርኽቲ፣ መልሳ። በከተማው የምትጠጋበት ዘመድ አልነበራትም።

ጃለኔ የወንጀል ምርመራ የተማረችው አንዲት ጥያቄ ይዛ ነው፦ ማን ይጠቀማል? በብርኽቲ መጥፋት ሊጠቀም የሚችል አንድ ሰው ደግሞ እዚያው ጣሪያ ሥር ነበር።

* * *

ጋሽ ቡልቻ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ለገሃር ጣቢያ ባቡሩ ሲያፏጭ በነበረ ዘመን ሃይላይ ከኋላ ያለችውን ክፍል ከፍሎ ሰጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ ደባል ናቸው። ደባል ማለት በቤቱ የሚኖር፣ ቤቱ ግን የማያውቀው ሰው ነው። ዋናው ተከራይ ከሌለ ግን ደባልም ተስፋ ያደርጋል።

ጃለኔ በራቸው ላይ ቆማ ጠየቀቻቸው።

«ምዝገባው የት ነበር የተካሄደው?»

«ትምህርት ቤቱ አዳራሽ።»

«ማን ጠራችሁ?»

«ትምህርት ቤቱ ነዋ። ተማሪው የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ነበር፤ ለየወላጁ በስልክ ደወሉ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ አይደል የሚማረው። እኔ ልጅ የለኝም፣ ከጎረቤት ሰምቼ ሄድኩ።»

«ለወይዘሮ ብርኽቲ ነገሯቸው?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ።

«ጋሽ ቡልቻ፣ ነገሯቸው ወይ?»

«አልነገርኳትም።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ? እሷ ካልተገኘች ለእኔ ይሆናል ብዬ ነዋ» አሉ፣ ተናደው። «እዚህ ክፍል ስገባ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። አሁን እይው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የቤቱ ቁጥር ሲጠራ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ብድግ ብሎ የሃይላይ ወንድም ነኝ አለ።»

«ሃይላይ ወንድም እንደሌለው እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«እና ዝም አሉ?»

«ወንድም የለውም ብል፣ እንግዲያው ሚስቱን ጥሯት ሊሉኝ ነው። ምን ብዬ ልናገር?»

«ሌሎቹስ ጎረቤቶች? አዳራሹ ሙሉ ሰው አልነበረም?»

ጋሽ ቡልቻ ሳቁ። ደስ የማይል ሳቅ ነው።

«የሞተች አማቱን በሕይወት አለች ብሎ ያስመዘገበ ነበር እዚያ። ከጎጃም የአክስቱን ልጆች አምጥቶ ልጆቼ ናቸው ያለም ነበር። ልጄ፣ ማን ማንን ያጋልጣል?»

ጃለኔ ማስታወሻዋን ዘጋች። ዝም ማለት ቢያሳስር ኖሮ ጣቢያው ሰፈሩን አይችለውም ነበር። በሩን አልፋ ልትወጣ ስትል ግን ሽማግሌው ከኋላዋ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ ጸጸት ይሁን ንዴት አልለየላትም።

«ሰውየውን እኔ አላውቀውም። አስተማሪዎቹ ግን ቆመው ነው ሰላም ያሉት።»

* * *

የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር አቶ ወዳጆ ይባላል። የተማሪ ሥርዓት የሚጠብቀው፣ ለወላጅ የሚያሳውቀው እሱ ነው። የቢሮው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ማስታወቂያ ለብሷል። ውድ ወላጆች፣ የልጆቻችሁን ጥፍር ተከታተሉ። ውድ ወላጆች፣ ያለ ደንብ ልብስ የመጣ ተማሪ አይገባም። ውድ ወላጆች፣ የሚኒስትሪ ተፈታኞች ጉርድ ፎቶ እስከ ዓርብ። ውድ ወላጆች፣ ውድ ወላጆች። ውድ ያልተባለበት ወረቀት የለም።

ጃለኔ ብርኽቲን አስከትላ ገባች። አቶ ወዳጆ ለፖሊሷ ወንበር ሳበ። ሽርጥ የለበሰችውን ሴት አላያትም።

«ለምዝገባው ለሁሉም ወላጅ ደውላችኋል?»

«ለሁሉም። አንድም አልቀረም» አለ በኩራት። «ወላጅ መረጃ አልደረሰኝም የሚልበት ትምህርት ቤት ካለ የእኛ አይደለም።»

«ለራሕዋ ሃይላይ ወላጅስ?»

ፊቱ በራ።

«አቶ አሉላ! ደውለናል፤ ቀርበዋል። እሳቸው የሚቀሩበት ስብሰባ አለ እንዴ? ሁሉም ወላጅ እንደ እሳቸው ቢሆን እኔ ሥራ አልነበረኝም። እንዲያውም አምና በወላጆች በዓል ምስጉን ወላጅ ብለን ሸልመናቸዋል። ያውልዎት።»

ግድግዳው ላይ፣ በማስታወቂያዎቹ መሐል፣ ፎቶ ተሰቅሏል። ግራጫ ሱፍ የለበሰ ዘንካታ ሰው ሰርተፍኬት ይቀበላል። አጠገቡ ራሕዋ በደንብ ልብሷ ቆማለች። ፊቷ የተሸለመ ሰው ልጅ ፊት አይመስልም።

ብርኽቲ ወደ ፎቶው ተጠጋች። ልጇን አየች። ሰውየውን አየች።

«አላውቀውም» አለች።

አቶ ወዳጆ ገና አሁን ዞር ብሎ አያት።

«እሳቸው ማን ናቸው?»

«እናቷ ናቸው» አለች ጃለኔ።

«የማን?»

«የራሕዋ።»

«አይሆንም» አለ አቶ ወዳጆ፣ ተረጋግቶ፣ ሴትየዋ ቢሮ የተሳሳተች ይመስል። «የራሕዋ እናት ዓረብ አገር ናቸው። አቶ አሉላ ነግረውናል።»

 ሰው ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ በዚያች ልጅ ትምህርት ቤት የለህም ሲባል ምን ብሎ ይመልሳል? በትምህርት ቤት አማርኛ ወላጅ ማለት የወለደ አይደለም። ወላጅ ማለት ሲጠራ የመጣ ነው።

«መታወቂያውን አይታችኋል?» አለች ጃለኔ።

«የወላጅ መታወቂያ ማን ይጠይቃል? ልጅቷ ይዛቸው መጣች፣ አጎቴ ነው አለች፣ በቃ። ስልካቸውን አስመዘገቡ። መታወቂያውማ...» እዚህ ላይ ቆመ።

«መታወቂያውማ ምን?»

«ጠፍቶብኝ ላሳድስ ነው፣ የተማሪዋ አሳዳጊ መሆኔን ጻፉልኝ አሉ። ማለቴ... የድጋፍ ደብዳቤ ጻፍንላቸው። ለምስጉን ወላጅ ይህን እንኳ ካላደረግን...»

አልጨረሰውም። ጃለኔ ግን ጨርሳዋለች። ሰውየው ስምም፣ ወንድምም፣ መታወቂያም ያገኘው ከዚህ ቢሮ ነው። ቤቱ የተሰረቀው እዚህ ነው።

«ራሕዋን ጥሩልኝ» አለች።

* * *

በዚህ ከተማ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ማንም ወላጅ ግን የማያምነው አንድ ሥራ አለ። ተማሪ ያጠፋል። ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ ይባላል። ተማሪው ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ከግቢው በር ማዶ ይሄዳል። እዚያ ሊስትሮ አለ፣ ደላላ አለ፣ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ የተደገፈ አለ። ከእነሱ አንዱ ለሻይ የምትሆን ተቀብሎ ኮቱን ያራግፍና አጎት ይሆናል። አስተማሪው ፊት ልጁን ይቆጣል፣ ሁለተኛ አይለመደውም ይላል፣ ይፈርማል። አስተማሪውም አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። የፈረመ ሰው ካለ ግን ለእሱ ይበቃዋል።

ጃለኔ ራሕዋን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት። እናቷ በሩ ላይ ቀረች።

«አጎትሽ የት ነው የሚኖረው?»

«ሜክሲኮ አካባቢ።»

«ሜክሲኮ የት ጋ?»

ራሕዋ የጣቷን ጥፍር ነከሰች።

«ራሕዋ፣ እዚህ በር ላይ ነው አይደል ያገኘሽው?»

 የልጅቷ እንባ ወረደ፤ ወሬውም አብሮ ወረደ።

ስድስተኛ ክፍል እያለች ነው። ሰፈሩ ውኃ ጠፍቶ ነበር። ጄሪካን ይዛ ቂርቆስ ድረስ ሄዳ ስትሰለፍ አረፈደች። በማግስቱም አረፈደች። ከዚያ ወላጅ አምጪ ተባለች። እናቷ በዚያው ሰሞን ራሕዋ ታማባት ከሥራ ቀርታ፣ አንድ ቀን ብትደግሚ እንዳትመለሺ ተብላለች።

«ብነግራት ትመጣለች። ከመጣች ደግሞ ሥራዋን ታጣለች። በቃ ያንን ፈርቼ ነው።»

«ሰውየው ስሙ ማን ነው?»

«ጋሼ ነጋሲ። የቤት ደላላ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ምንም አለመቀበሉ ነው። ሌሎቹ የሻይ ይላሉ፤ እሱ ልጄ ነሽ አለኝ። ሰውየው... ማለቴ፣ ደግ መስሎኝ ነበር።»

«ምንም አልጠየቀሽም?»

«ስለ ቤታችን ብቻ ይጠይቀኛል። የቀበሌ ነው የግል? አባትሽ ስሙ ማን ነበር? ስም አዙራችኋል? እማ ስንት ሰዓት ትገባለች? የሚያዝንልኝ ነበር የመሰለኝ።»

«ስለ ምዝገባው አልሰማሽም ነበር?»

ራሕዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ሰምቻለሁ። ለእማ ልነግራት ነው አልኩት። አንቺ ከነገርሻት ከማን ሰማሽ ብላ ስትመረምርሽ እኔን ታውቃለች፣ ትምህርት ቤቱም ሐሰተኛ ወላጅ አመጣሽ ብሎ ያባርርሻል አለኝ። እኔ ከትምህርት ቤት ነው ብዬ እደውልላታለሁ አለኝ። ማለልኝ።»

«አልደወለም።»

«አልደወለም» አለች ራሕዋ።

ብርኽቲ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሁሉንም ሰምታለች። ልጇ ፊት ስትደርስ እጇን አነሳች። ራሕዋ አልሸሸችም። እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ።

«ጓለይ» አለቻት፣ በትግርኛ፣ ልጄ እያለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሥራሽን እንዳታጪ ብዬ።»

ብርኽቲ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከመናደዷ ማፈሯ ባሰ። ልጇ ከእሷ የተሸሸገችው እሷን ለማዳን ነው፤ ሌባውም የገባው በዚያ ቀዳዳ ነው። ማንን ትርገም?

* * *

ነጋሲን ፍለጋ መዞር አላስፈለገም። ጃለኔ በአቶ ወዳጆ ስልክ አስደወለችለት። አቶ ወዳጆ ላቡን እየጠረገ በዚያ በለመደው ድምፅ ተናገረ፦ ውድ ወላጅ፣ ዓርብ ከሰዓት የወላጆች ስብሰባ አለ፤ ለቤት ምዝገባ የተጻፉ የድጋፍ ደብዳቤዎችም ይታደሳሉ፣ እንዳይቀሩ።

«መቼ ቀርቼ አውቃለሁ» አለ ነጋሲ።

ዓርብ መጣ። ግራጫ ሱፉን ለብሷል፤ ከፊት ተቀመጠ። ጃለኔ ነጠላ ተከናንባ ከብርኽቲ ጋር ከኋላ፣ ከእናቶቹ መሐል ነበረች። ሰብሳቢው አስተያየት ያለው ሲል ነጋሲ እጁን አወጣ።

«ችግሩ ያለው ከእኛ ከወላጆች ነው» አለ። «ልጆቻችንን አንከታተልም። ማን ጋ እንደሚውሉ አናውቅም። ትምህርት ቤቱ ይህን ሁሉ እያሳወቀን፣ እኛ ግን ለመምጣት ጊዜ የለንም እንላለን። ለልጁ ጊዜ የሌለው ለማን ሊኖረው ነው?»

ተጨበጨበለት። ከልብ ነው የተጨበጨበው። ብርኽቲ አጠገብ ያለች ሴት፣ ወይ አንደበት፣ አለች።

ጃለኔ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ተነሳች።

«ይቅርታ። እርስዎ የማን ወላጅ ነዎት?»

«የራሕዋ ሃይላይ። አጎቷ ነኝ።»

«የአባቷ ወንድም?»

«አዎ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«የት ነው የተቀበረው?»

ነጋሲ አላመነታም። ደላላ አያመነታም። የዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት የት እንደሚሄድ ደግሞ ማንም ያውቃል።

«ቂርቆስ ነዋ። የት ሊቀበር ነው?»

ብርኽቲ ከኋላ ቆመች።

«ሃይላይን አገሩ ነው ያስቀበርኩት» አለች። «ዓዲግራት። አስከሬኑን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ወንድም ቢኖረው ብቻዬን አልሄድም ነበር።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ አንድ ሰው፣ ይህቺ ብርኽቲ አይደለች እንዴ፣ አለ። ሌላው፣ ብርኽቲ ናት እንጂ፣ አለ። በምዝገባው ቀን ያልተናገሩ አፎች አሁን ሁሉም ተከፈቱ። ነጋሲ ወደ ጎን በር ሲያይ ጃለኔ ቀድማው ቆማለች።

* * *

ጣቢያ ውስጥ ሱፉ ሰፋው።

«ስምህ?»

«ታውቂው የለም እንዴ።»

«አንተ ንገረኝ።»

«ነጋሲ።»

«ስንት ልጅ አጎት ሆነሃል?»

«በር ላይ የቆመ ሁሉ ይሆናል። እኔ ምን የተለየ አደረግሁ?»

«ቤት ወሰድክ።»

 ነጋሲ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ያኛው የካዛንቺስ ወገን ሲፈርስ እኔም ነበርኩ። ደባል ነበርኩ። እዚያ ነው ያደግሁት፣ እናቴም እዚያ ነው የሞተችው። የምዝገባው ልጅ መስኮት ውስጥ ሆኖ ምን አለኝ? አንተን ማን ያውቅሃል አለኝ። የሚያውቅህ መሥሪያ ቤት ማስረጃ አምጣ አለኝ። ማንም አያውቀኝም ነበር። ዶዘሩ ሲመጣ ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ።»

«እና?»

«እና የሚያውቀኝ መሥሪያ ቤት ፈለግሁ። ትምህርት ቤቱ አወቀኝ። አንድ ቀን ማን ነህ ሳይለኝ ስልኬን ጻፈ። ወንበር ሰጠኝ። ሸለመኝ፣ ኢንስፔክተር። በሕይወቴ የተሸለምኩት እዚያ ብቻ ነው።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷን ምን አደረግኋት? ሪፖርት ካርዷን ያየሁላት እኔ ነኝ። ሒሳብ ሲወርድባት የተቆጣኋት እኔ ነኝ። እናቷ የት ነበረች?»

«ሥራ ላይ ነበረች» አለች ጃለኔ። «እንደ አንተ አጎት ለመሆን ጊዜ አልነበራትም።»

ቃሉን አስፈርማው ወደ ማረፊያ ክፍል አስወሰደችው። ሌባ ስትይዝ ደስ የሚላት ሴት ናት። ዛሬ ደስ አላላትም። ሰውየው ያለው ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ እሱን ነው የጠላችው።

* * *

ሌባው ታሰረ። ቤቱ ግን አልተመለሰም።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት አሁንም አዝኗል። ምዝገባው የቆመው በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ላይ ነው፤ የሚነሳውም በትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው። ዶዘሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል፤ ከዚያ በፊት ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋል።

አቶ ወዳጆ ደብዳቤውን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ብርኽቲ፣ ራሕዋና ጃለኔ ፊቱ ተቀመጡ። ጃለኔ ተቀብላ አነበበችው፤ መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች።

ደብዳቤው አሉላ ገብረጻድቃን የተባለው ግለሰብ የተማሪዋ አሳዳጊ አለመሆኑን፣ እናቷ ወይዘሮ ብርኽቲ በሕይወትና በአገር ውስጥ መኖራቸውን ይገልጻል። ቀጥሎ፣ ተማሪ ራሕዋ ሃይላይ ሐሰተኛ ወላጅ በማቅረብ ትምህርት ቤቱን ሆን ብላ ስላሳሳተች፣ በሥነ ሥርዓት ደንቡ መሠረት ለአንድ ዓመት ከትምህርት ገበታ ታግዳለች ይላል። ከሥሩ ወላጅ አምኖ የሚፈርምበት ቦታ አለ፤ ያለዚያ ፊርማ ደብዳቤው አይወጣም።

«ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት» አለች ጃለኔ።

«አውቃለሁ።»

«እገዳውን ያውጡት። ቤቱን የሚመለከተው የላይኛው ብቻ ነው።»

«የላይኛው ብቻውን አይቆምም። የበላይ አካል ይጠይቀናል፤ ለማያውቁት ሰው እንዴት ደብዳቤ ጻፋችሁ ይለናል። ልጅቷ አሳስታን ነው ካልን ያልቃል።»

«ሌላ አጻጻፍ የለውም?»

«አለው። ትምህርት ቤቱ ተሳስቷል የሚል ነው» አለ አቶ ወዳጆ፣ ሳይቆጣ። «እሱን የሚፈርም ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም።»

ጃለኔ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። አምና የሸለመውን ሰው ስም ጠራችበት። ልጅቷ ያረፈደችው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃችኋታል ወይ አለችው። አቶ ወዳጆ አቀርቅሮ ሰማት፤ ስትጨርስም ደብዳቤው እንደነበረ ነው። ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይግባኙ ታይቶ እስኪመለስ ግን ሰፈሩ አፈር ሆኗል።

ብርኽቲ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበበችው። አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችው። ቤቷን የሚመልስላት መስመርና ልጇን የሚያስወጣባት መስመር እዚያው አንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ ቀድዶ መለየት አይቻልም።

«አልፈርምም» አለች።

«እማ፣ ፈርሚ።»

«ፈተናሽስ?»

«ፈተና ከርሞም አለ። ቤቱ ከርሞ የለም።»

ልጅቷ ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብርኽቲ ናት ያለቀሰችው፣ ሽርጧን ወደ ዓይኗ ወስዳ፣ ከሰው ፊት። እንዲህ ብላ እንድታስብ ማን አሳደጋት? እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፣ ሌላማ ማን አለ።

አቶ ወዳጆ እስክሪብቶ ሰጣት። የወላጅ ፊርማ የሚለውን ቦታ በጣቱ አሳያት። ብርኽቲ ጎንበስ ብላ ቀስ አድርጋ ፈረመች። በዚያ ትምህርት ቤት ስትፈርም የመጀመሪያዋ ነው።

አቶ ወዳጆ ወረቀቱን ወሰደ። ከልማዱ የተነሳ የተማሪዋን ፋይል ገለጠና ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን አያቸው።

«ይህ ከመዝገቡ የወላጅ ፊርማ ጋር አይመሳሰልም» አለ።

 ምን እንዳለ ለራሱም ዘግይቶ ገባው መሰለኝ፣ ፋይሉን ዘጋው። ማኅተሙን አነሳና መታው።